የተጠማ ሰው ባለዕዳው ማነው?

በኦሪት ዘፍጥረት 21ኛ ምዕራፍ አጋር ከልጇ ጋር ከአብርሃም ቤት ስትሰናበት የያዘችው ስንቅ እንጀራና አንድ አቁማዳ ውሃ ነበር። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ስትንከራተት ውሃው አለቀባት። ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ትታ፣ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሙስሊሞች ይህችኑ እናት ሃጀር ይሏታል፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ውሃ ፍለጋ የሮጠችውን ሩጫ ሐጅ የሚያደርግ ሁሉ እስከ ዛሬ በእግሩ ይደግመዋል። የኦሪቱን ትረካ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሰማይ ተከፍቶ ዝናብ ወረደ አይልም፤ ዓለት ተሰንጥቆ ውሃ ፈለቀም አይልም። የተከፈተው የእናቲቱ ዓይን ነው፤ ዓይኗ ሲከፈት ጉድጓድ አየች። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ሲሉ ደግሞ አብርሃም ራሱ የአቤሜሌክ ሎሌዎች ስለነጠቁት የውሃ ጉድጓድ አቤቱታ ሲያቀርብ እናገኘዋለን። እንግዲህ ቤርሳቤህ ውሃ የማይገኝበት አገር አልነበረም። ጉድጓድ ነበረ፣ ባለቤት ነበረው፣ ክርክርም ነበረበት። አጋር የተጠማችው ውሃ ካለበት ቤት ወጥታ፣ ውሃ ባለበት ምድር ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚነሳው ጥያቄ እንዲህ ነው፤ ለተጠማ ሰው ውሃ መስጠት ምን ዓይነት ሥራ ነው? ባህላችን ጽድቅ ነው ብሎ ከጥንት ጀምሮ መልሶታል። ክርስቲያኑ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ለተጠማው ያጠጣ ክርስቶስን እንዳጠጣ ይቆጠርለታል ብሎ ያምናል፤ ሙስሊሙ ውሃን ከበላጭ ሰደቃዎች ይመድበዋል። መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ ውሃ ቢጠይቅ የሚከለክል ቤት በአገራችን እንደ ነውረኛ ይታያል። እኔም ይህን ልማድ አከብረዋለሁ። ሆኖም ጽድቅ የሚለው ስም አንድ ነገር ይሸፍንብናል የሚል ሥጋት አለኝ። ምጽዋት ሰጪው በፈለገ ጊዜ፣ በፈለገው መጠን፣ ለፈለገው ሰው የሚሰጠው ነው። ቢሰጥ ይመሰገናል፤ ባይሰጥ ንፉግ ይባል ይሆናል እንጂ የሚከሰው የለም። ዕዳ ግን ሌላ ነው። መጠን አለው፣ ቀን አለው፣ ጠያቂ አለው። ዕዳውን የከፈለ ሰው ምስጋና አይጠብቅም፤ ያልከፈለ ግን ተጠያቂ ነው። የዛሬው ዓለም ጥማት በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የተጠማው ሰው የሚለምን ነዳይ ሳይሆን ገንዘቡ የተያዘበት አበዳሪ ነው።

ይህን ለማለት በመጀመሪያ ጥማቱ ከውሃ ማነስ የመጣ አለመሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። በምድራችን ካለው ውሃ 97.5 በመቶው ጨዋማ ነው። ከቀሪው 2.5 በመቶ አብዛኛው በበረዶ ግግር የታሰረ ወይም ከመሬት በታች የተቀመጠ ነው፤ በወንዝና በሐይቅ የምናየው ከጨው አልባው ውሃ አንድ መቶኛውን እንኳ አይሞላም። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይቆምና ውሃ ትንሽ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ይጠማል ብሎ ይደመድማል። በመካከሉ ግን የተዘለለ ስሌት አለ። የሰው ልጅ በዓመት ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር የሚቀዳው ውሃ 4,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ከዚህ 70 በመቶው ለእርሻ ይውላል፤ ከቀሪው ትልቁን ድርሻ ኢንዱስትሪ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጡት መረጃ መሠረት ንጹሕ፣ በቤቱ የሚገኝና በፈለገው ሰዓት የሚቀዳ ውሃ የሌለው ሰው ቁጥር 2.1 ቢሊዮን ነው። ለእያንዳንዳቸው በቀን 50 ሊትር እንስጥ ብንል፣ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና የሚበቃ መጠን ነው፤ በዓመት ለአንድ ሰው 18 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ለሁሉም ሲደመር 38 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አሁን ከሚቀዳው ውሃ አንድ በመቶ አይሞላም ማለት ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩቡን የሚያረካው ውሃ አሁን ከምንቀዳው ከመቶ አንድ እጅ የማይደርስ ከሆነ፣ ውሃ አነሰ የሚለው ቃል ለዚህ ጥማት ምክንያት ሆኖ መቆም አይችልም።

የአገሮች ካርታም ይህንኑ ይመሰክራል። ኮንጎ በሚያፈሰው ውሃ ብዛት ከአማዞን ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ የሆነ ወንዝ ነው። ይህ ወንዝ በሚያልፍበት በዴሞክራቲክ ኮንጎ ግን ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መሠረታዊ የሚባለውን የውሃ አገልግሎት እንኳ አያገኝም። ኩዌት ደግሞ አንድም ቋሚ ወንዝ የላትም፤ የምትጠጣው ከሞላ ጎደል ከባሕር ጨው የተለየ ውሃ ነው፤ ቧንቧዋ ግን አይቆምም። ከደጋው ኢትዮጵያ ተነስታ ለቤት ሠራተኝነት ኩዌት የገባች ወጣት፣ ወንዝ ባለበት አገሯ እንስራና ጀሪካን ተሸክማ እንዳላደገች፣ በበረሃ መካከል ቧንቧ ትከፍታለች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት የምንተርተው እንደ ዕጣ ፈንታ አድርገን ነው። ኢትዮጵያ 12 የወንዝ ተፋሰሶች አሏት፤ በየዓመቱ በወንዞቿ የሚፈሰው ውሃ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚደርስ ይገመታል። ደህንነቱ በተሟላ ሁኔታ የተጠበቀ ውሃ የሚያገኘው ሕዝቧ ግን ከሰባት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ተረቱ የሚያለቅሰው በወንዙ ነው፤ ሊያለቅስ የሚገባው ከወንዙ እስከ እንስራው ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የምትመላለሰው ደግሞ ሴት ናት። በግቢያቸው ውሃ በሌላቸው የዓለም ቤተሰቦች ከአሥሩ በሰባቱ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። በየቀኑ የሚከፈለው ይህ ጉልበት የማን ሒሳብ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ መንግሥት ወይም ማኅበረሰብ ሊዘረጋው የሚገባውን ቧንቧ በትከሻዋ የተካችው እሷ ናት።

በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በታልሙድ ውስጥ ስለ ውሃ የተነሳ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ሁለት ሰዎች በበረሃ ይጓዛሉ፤ አንደኛው ኮዳ ውሃ ይዟል። ሁለቱም ከጠጡ ሁለቱም ይሞታሉ፤ አንዱ ብቻ ከጠጣ ከሰው ሰፈር ይደርሳል። ቤን ፔቶራ የተባለ መምህር፣ አንዱ የወንድሙን ሞት ቆሞ ከሚያይ ሁለቱም ጠጥተው ይሙቱ አለ። ረቢ አቂባ ደግሞ ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቅሶ፣ የራስህ ሕይወት ከወንድምህ ሕይወት ይቀድማል ሲል ፈረደ። የአቂባ ፍርድ ጸንቶ ለዘመናት ሲጠና ኖሯል፤ እኔም በዚያ በረሃ፣ በዚያች ኮዳ ላይ ትክክል አይደለም ለማለት አልደፍርም። የሚያሳስበኝ የኮዳው ምሳሌ ወደማይመለከተው ቦታ መሻገሩ ነው። የከተማ ባለሥልጣን ቦኖ ለሌለው ሰፈር መስመር ያልዘረጋበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ሀብታም አገር ለድሃው የሚሰጠውን ድጋፍ ሲቀንስ፣ ሁለቱም የሚናገሩት ኮዳው እጃቸው ላይ እንዳለና ሌላው ቢጠጣ እነሱ እንደሚሞቱ አድርገው ነው። ስሌቱ ግን ከመቶ አንድ እጅ ነው የሚለው። ኮዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ በአቂባ ፍርድ ራሱን የሚያጸድቅ ሰው የአቂባ ተማሪ አይደለም። አቂባ ራሱ፣ ሁለቱንም የሚያደርስ ውሃ የያዘ መንገደኛ ወንድሙን ቢከለክል ምን እንደሚለው ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

ኬፕ ታውን ይህን በተግባር ያሳየች ከተማ ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. ግድቦቿ ከመራቆታቸው የተነሳ ቧንቧ የሚዘጋበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ነዋሪው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ታዘዘ። ድርቁ እውነተኛ ነበር፤ ለዓመታት የዘለቀ የዝናብ እጥረት ነው። በኋላ በከተማይቱ የውሃ አጠቃቀም ላይ የተደረገ፣ በ2023 የታተመ ጥናት ግን ከሕዝቡ 14 በመቶ የማይሞሉት ባለጸጎች የከተማይቱን የቤት ውሃ ከግማሽ በላይ እንደሚጠቀሙ አሳየ፤ ለመዋኛ ገንዳ፣ ለአትክልት፣ ለመኪና ማጠቢያ። በከተማይቱ ዳርቻ ባሉት የቆርቆሮ ሰፈሮች ውስጥ ከጋራ ቧንቧ በባልዲ የሚቀዱት ሰዎች ቀድሞም ቢሆን 50 ሊትር የሚሉት ነገር ደርሷቸው አያውቅም ነበር። ለእነሱ ያ የተፈራው ቀን የዘወትር ቀን ነው። ድርቅ የሚመጣው ከሰማይ ይሁን፤ ማን አስቀድሞ እንደሚጠማ የሚወስነው ግን ምድር ላይ ያለ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ የሃይማኖት ሰው ሊያነሳው የሚችለው ተቃውሞ አለ። ዝናብ የእግዚአብሔር ነው፤ በነቢዩ አሞጽ መጽሐፍ እንደምናነበው በአንዱ ከተማ ላይ ያዘንባል፣ በሌላው ላይ ይከለክላል፤ ድርቅን በሰው ላይ ማሳበብ ትዕቢት ይሆናል፤ የሰው ድርሻ ምሕላ ነው። ምሕላን አልነቅፍም። ነገር ግን አሞጽ ራሱ በዚያው መጽሐፍ የሚጮኸው ድሃን ስለሚረግጡና ሚዛን ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች ነው፤ የዝናቡን መከልከል ከፍርድ መጓደል ነጥሎ አልተናገረም። የሐሮማያ ሐይቅን እናስታውስ። ለአሥርት ዓመታት የሐረር ከተማን ሲያጠጣ የኖረው ይህ ሐይቅ በአውሮፓውያኑ 2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ መሬቱ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ይሳብ ነበር፤ ከተራቆቱ ኮረብቶች የተሸረሸረ አፈር ወለሉን ይሞላ ነበር፤ ለከተሞችም ይቀዳ ነበር። አንድም ሰው ሐይቁን ላድርቅ ብሎ አልተነሳም። ገበሬው ልጆቹን ያበላ ነበር፣ የከተማው ሰው ይጠጣ ነበር። የጠፋው ሁሉም ከሚወስደው ላይ ምን ያህል ይተዉ ብሎ የሚጠይቅ አካል ነው። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ሲታይ ብዙ ሰው ተአምር አለው፤ ተአምር ከሆነም ዕዳን ለማራዘም የተሰጠ ጊዜ አድርጎ መውሰድ ይሻላል።

ተቃውሞው በሌላ መልኩ ሲመጣ ግን እውነት አለው። ለእርሻ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለፋብሪካ የሚሆን ውሃ በብዙ አገር በእርግጥ ያጥራል። ከዓለም ሕዝብ 4 ቢሊዮን የሚሆነው በዓመት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ወር ብርቱ የውሃ እጥረት ባለበት አካባቢ እንደሚኖር በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስልቷል፤ የአየር ንብረት መለወጥም ይህን ያባብሰዋል። በዚህ ላይ አገር ከአገር ጋር፣ ገበሬ ከከተማ ጋር ይጋጫል፤ ቀላል መልስም የለውም። እኔ የምለው የመጠጡ ጥያቄ ከመከሩ ጥያቄ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ይህን ልዩነት በግልጽ ይዞታል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ጥያቄውን በትክክል መልሶታል። ቅድሚያ ማለት ሌላው ሁሉ ከሞላ በኋላ የሚደርስ ማለት እንዳልሆነም ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ቀጣዩ ተቃውሞ የኢኮኖሚ ሰዎች ነው፤ እሱንም በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ውሃ ከሰማይ በነጻ ይወርድ ይሆናል፤ ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ክሎሪን፣ ናፍጣና የጥገና ሠራተኛ ግን በነጻ አይመጡም። ዕዳ ነው ብሎ ዋጋውን ያነሳ መንግሥት ውሎ አድሮ ቧንቧውን ያደርቀዋል፤ የሚጎዳውም ድሃው ነው። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ይህን ችግር ከብዙ ምዕተ ዓመታት በፊት በጥንቃቄ ፈትተውታል ብዬ አስባለሁ። ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ ናቸው ከሚለው የነቢዩ ሙሐመድ ትምህርት ተነስተው ውሃን በየዓይነቱ ለዩ። የወንዝ ውሃ የሁሉም ነው። በግል ጉድጓድ ላይ ቆፋሪው ቅድሚያ አለው፤ ከፍላጎቱ የተረፈውን ግን የተጠማ ሰውና ከብት እንዳይጠጣ ሊከለክል አይችልም። በዕቃ ቀድቶ የተሸከመውን ደግሞ ሊሸጠው ይችላል፤ ሰውየው ያኔ የሚሸጠው ድካሙን ነውና። በዚህ አከፋፈል ዋጋ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ዋጋው የአገልግሎቱ እንጂ የሕይወቱ አይደለም፤ ጥማት ፊት ሲቆም ደግሞ ዋጋው ወደ ኋላ ይላል። ዕዳ ነው ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ደሃው የሚችለውን ከፍሎ የሚጠጣበትን መንገድ መዘርጋት ግዴታ ነው ማለት ነው።

ደግሞስ ደሃው አሁን በነጻ ይጠጣል ያለው ማነው? የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በጃካርታ፣ በማኒላና በናይሮቢ የጎስቋላ ሰፈሮች ነዋሪዎች ለአንድ ሊትር ውሃ የሚከፍሉት በዚያው ከተማ ያሉ ባለጸጎች ከሚከፍሉት ከ5 እስከ 10 እጥፍ መሆኑን አስፍሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለጸጋው በመንግሥት ገንዘብ ከተዘረጋ ቧንቧ በታሪፍ ይቀዳል፣ ድሃው ከቦቴና ከጀሪካን ሻጭ ይገዛል። በአዲስ አበባም ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሮቶ ያለው ሞልቶ ያስቀምጣል፤ ዕቃ የሌለው ይገዛል። በቦሊቪያ ኮቻባምባ ከተማ የውሃው አገልግሎት ለግል ኩባንያ ተሰጥቶ ሒሳቡ ሲያሻቅብ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ ውሉ በሚያዝያ ወር ተሰረዘ። ለእውነት ሲባል መጨመር ያለበት ነገር አለ፤ ውሉ ከተሰረዘ በኋላም የከተማይቱ ደቡባዊ ዳርቻ ለዓመታት ከቦቴ ሲገዛ ቆይቷል። የግሉን ማባረር ብቻውን ዕዳውን አልከፈለም፤ የሕዝብ ድርጅት መሆንም ብቻውን አላዳነም። ጥያቄው ባለቤቱ ማነው ከሚለው ይልቅ የመጨረሻው ሰፈር ሳይደርሰው ሲቀር የሚጠየቀው ማነው የሚለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጣውም ከዚህ ነው። ፈላስፋዋ ኦኖራ ኦኒል መብት አለ ብሎ ማወጅ ቀላል ነው፤ ግዴታው በማን ላይ እንደሚወድቅ ካልተለየ ግን መብቱ ምኞት ሆኖ ይቀራል ብለው ተከራክረዋል። ባለዕዳ የሌለው ዕዳ ዕዳ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. የንጹሕ ውሃና የንጽሕና አገልግሎትን ሰብዓዊ መብት ብሎ ሲያውጅ 122 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከነዚህ መካከል አሜሪካና ብሪታንያ ነበሩ፤ ኢትዮጵያና ኬንያም ነበሩ። አይሆንም ለማለት ያፈረ፣ እሺ ለማለትም የፈራ ብዙ ነበር ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በቂ ውሃ የማግኘት መብት ተጽፏል። የሶዌቶ ነዋሪዎች ይህን ይዘው የጆሃንስበርግን ከተማ ሲከሱ፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በቀን 50 ሊትር ይገባቸዋል አለ፤ ይግባኝ ሰሚው 42 አደረገው፤ በ2009 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደግሞ ቁጥር መቁረጥ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ከተማው የሚሰጠው 25 ሊትር ገደማ ምክንያታዊ ነው ብሎ ዘጋው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውሃን የሚያነሳው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ከሚል ቅድመ ሁኔታ ጋር ነው። ስለዚህ የኦኒል ሥጋት ባዶ አይደለም።

ሆኖም ባለዕዳን መለየት የማይቻል ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ወጣቶች በመሰላል ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ውሃ የሚያወጡባቸው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ኮንፊ የሚባል ባለአባት አለው፤ የዕለቱን ተራ የሚቆጣጠር አባ ሔሬጋም አለው። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ፣ ገንዳው ሲሰነጠቅ ማን እንደሚጠግን የታወቀ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ የመጣ ሰው ግን ወገንም ይሁን እንግዳ አይመለስም። በዝናብ አጠር ምድር የሚኖር አርብቶ አደር ባለዕዳውን በስም ለይቶ ካስቀመጠ፣ መሐንዲስ፣ በጀትና ሚኒስቴር ያለው አገር አልችልም ሊል አይገባውም። ቅደም ተከተሉም ከዚያው ይወጣል፤ ጉድጓዱን በእጁ የያዘ ቀዳሚ ተጠያቂ ነው፤ በዘመናችን ውሃን በሕግ በእጁ የያዘው መንግሥት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ከምንጩ ከድርሻው በላይ የሚቀዳው ወይም የሚበክለው ነው። አቅም የሌለው ባለዕዳ ደግሞ ዋስ ያስፈልገዋል፤ ሀብታም አገሮች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቆሙት እንደ ዋስ ነው።

በተግባር ውሃ የሚያደርሰው ያው የተናቀው ምጽዋት አይደለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። በገጠር ብዙ ጉድጓድ የተቆፈረው በበጎ አድራጊዎች ነው፤ ዕዳ ነው እያልን ስንከራከር እነሱ እያጠጡ ነው። ልክ ነው፤ እጃቸውን የሚያጥፍ ቃል ከእኔ አይወጣም። ነገር ግን ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች ከአራቱ አንዱ ያህል በማንኛውም ቀን ሲሄዱ ተበላሽቶ ይገኛል። ምጽዋት በምረቃው ዕለት ይፈጸማልና፤ በሦስተኛው ዓመት የሚሰበረው ዘንግ የማንም ጽድቅ አይደለም። በባንግላዴሽ ሕዝቡን ከወንዝ ውሃ በሽታ ለማዳን በመንግሥትና በረጂዎች በጎ ሐሳብ የተቆፈሩት ጉድጓዶች አርሴኒክ የተባለ መርዝ ያለበትን ውሃ ሲያወጡ ኖሩ፤ መርዙ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ለዓመታት ጠጥቶታል። ቀድሞ መመርመር የማን ግዴታ እንደነበር እንኳ በወጉ አልተለየም። በእኛ ስምጥ ሸለቆም የብዙ ሰው ጥርስ በፍሎራይድ የበለዘው ከጉድጓድ ውሃ ነው። ለንደንም ይህን መንገድ አልፋበታለች። በ1859 እ.ኤ.አ. ነጻ የመጠጥ ውሃ ቦኖዎችን በየመንገዱ የሚያቆም የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፤ መልካም ሥራ ነበር። ኮሌራን ያስቆመው ግን ፓርላማው ከአንድ ዓመት በፊት፣ የቴምዝ ወንዝ ግማት አላስቀምጥ ሲለው፣ ያዘዘው የጆሴፍ ባዝልጌት የፍሳሽ መስመር ነው። በ1866 የመጨረሻው ወረርሽኝ የመታው መስመሩ ገና ያልተጠናቀቀለትን የከተማይቱን ምሥራቅ ነበር።

ምጽዋትና ዕዳ የማይታረቁ ጠላቶች አይደሉም፤ የመዲናው የሩማ ጉድጓድ ታሪክ ይህን ያስተምራል። ባለቤቱ ውሃውን በዋጋ ይሸጥ ነበር፤ የሌለው ይቸገር ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ ጉድጓዱን ገዝቶ ለሕዝብ ለሚያደርግ፣ ባልዲውንም ከሌላው ሰው ባልዲ እኩል ለሚያደርግ ሰው የጀነትን ዋጋ ቃል ገቡ። በኋላ ኸሊፋ የሆኑት ዑስማን ኢብን ዐፋን ገዙትና ወቅፍ፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም የተሰጠ የማይሸጥ ንብረት፣ አደረጉት። በገንዘባቸው ለድሆች ውሃ እየገዙ በየቀኑ ማደል ይችሉ ነበር፤ ያ ምጽዋት በሆነ፣ ሻጩም መሸጡን በቀጠለ። ያደረጉት ግን የጉድጓዱን ሕግ መለወጥ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ የሚቀዳው ሰው ማንንም ማመስገን ሳያስፈልገው ይቀዳል፤ የገዙት ሰው ራሳቸውም በተራቸው ከሚቀዱት አንዱ ሆኑ። ይህን በጎ ሥራ ከሌላው የሚለየው ራሱን አላስፈላጊ ማድረጉ ነው።

ለትውልድ ቀያችሁ ውሃ ለማስገባት በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ ገንዘብ የምታሰባስቡ፣ በሰበካ ጉባኤ፣ በመስጊድ ኮሚቴና በዕድር የምታገለግሉ ሁሉ፣ ሥራችሁ የተባረከ ነው። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ። ውሃው ለፍሎራይድና ለሌላ መርዝ ተመርምሯል? ፓምፑ ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የውሃ ኮሚቴው ውስጥ ጀሪካን የሚሸከሙት ሴቶች አሉ? የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ለጥገና በዘንድሮ በጀቱ ስንት ብር ያዘ? የመጨረሻውን ጥያቄ በደብዳቤ አቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።